የጎደሉት ስምንት ማይሎች

ኤድዊን ክሌግን ያገኘቻቸው ለሩጫ የወጣች የጥርስ ሐኪም ናት። እሑድ ነው፤ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት። ከብራክስሆልም ከተማ ወጣ ብሎ፣ በድንጋይ አጥሮች መሐል በሚጠማዘዘው ስፓውት በሚባለው መንገድ ላይ፣ መጀመሪያ ያየችው ውሻውን ነበር። ብስኩት የሚባል ያረጀ ውሻ ገመዱን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ቦይ ዳር ቁጭ ብሏል። አይጮህም፤ አይሸሽም። ጠጋ ስትል ጌታው ቦዩ ውስጥ በጎናቸው ተኝተዋል።

ኢንስፔክተር ኖራ ሄስኬት ስትደርስ ካፊያ ጀምሯል። ኖራ ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ብርድ ሲሆን ጉልበቷን ያማታል፤ በዚያ አገር ደግሞ ብርድ የማይሆንበት ቀን ጥቂት ነው። ጎንበስ ብላ ሰውዬውን አየቻቸው። ሠላሳ አምስት ዓመት ፖስታ ያደሉ፣ ሰባ አንድ ዓመት የሞላቸው፣ በየማለዳው ውሻቸውን የሚያናፍሱ ሰው ነበሩ።

«መኪና ገጭቷቸው ነው» አለ የፖሊስ ሐኪሙ። «ንጋት ላይ፣ ከአሥራ ሁለት እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ።»

«ወዲያው ነው የሞቱት?»

ሐኪሙ ጓንቱን አወለቀ። «አይደለም። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይተዋል።»

«ሰው ቢደርስላቸው ኖሮ?»

«እሱን አትጠይቂኝ፣ ኖራ።»

አስፋልቱ ላይ የፊት መብራት ስብርባሪ ተበትኗል። ከስብርባሪው አጠገብ ደግሞ ስንዝር የምትሆን አረንጓዴ ሲባጎ ወድቃለች፤ አንድ ጫፏ ተበጥሷል፣ ሌላው ጫፏ ላይ ቋጠሮ አለ። አብሯት የሚሠራው ኮንስታብል ብራም በጫማው ሊገፋት ሲል ኖራ ክንዱን ያዘችው።

«የገበሬ ቆሻሻ እኮ ነው፣ አለቃ።»

«ቋጠሮውን እየው እስቲ።»

ሁለት ጊዜ ዞሮ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ የተሸጎጠ፣ ለዓይን የሚያምር ቋጠሮ ነው። ኖራ በላስቲክ ከረጢት ከተተችው። የሚጣል ነገር እንዲህ ተጠንቅቆ አይታሰርም ብላ ነው እንጂ፣ ለምን እንደምትፈልገው እሷም አላወቀችም።

ኤድዊን የሚኖሩት ካላገቡት እህታቸው ከኢኒድ ጋር ነበር። ኖራ ስትገባ ጠረጴዛው ላይ ሁለት የሻይ ስኒ ቀርቧል፤ አንዱ ውስጥ ስኳሩ ቀድሞ ተጨምሯል። ኢኒድ መርዶውን ቆመው ሰሙ። አላለቀሱም። ያንን ስኳር የገባበት ስኒ አንስተው ወደ መደርደሪያው መለሱትና ተመልሰው ደግሞ አወረዱት።

«ማነው?» አሉ።

«ገና አላወቅንም፣ ሚስ ክሌግ።»

«ስታውቂ መጥተሽ ንገሪኝ፣ ልጄ። ስሙን ብቻ። ፍርድ ቤት አልሄድም፣ ጋዜጣም አላነብም። በእጄ የምይዘው አንድ ስም ስጪኝ፣ በቃ።»

«እነግርዎታለሁ» አለች ኖራ።

ሰው ቃል ሲሰጥ ቃሉ የት እንደሚያደርሰው ቢያውቅ ኖሮ፣ ስንቱ አፉን በዘጋ።

*

ስብርባሪው የአንዲት ትንሽ መኪና መብራት መሆኑ ታወቀ። እንደሷ ያሉ መኪኖች በወረዳው ውስጥ ሃያ ስድስት ናቸው። ምስክር ደግሞ አንድ ተገኘ፤ ከየእርሻው ወተት የሚሰበስብ የቦቴ ሾፌር ነው፣ ኮሊን ታታም ይባላል። ኖራ ያገኘችው ቁርሱን ሲበላ ነበር።

«አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው» አለ እያላመጠ። «እኔ ወደ ስፓውት መገንጠያ ስደርስ እሷ ወጣች። አንድ ዓይና ናት፣ አንዱ መብራት ብቻ ነው የሚበራው። ሰማያዊ ትሁን ግራጫ እንጃ።»

«ፍጥነቷስ?»

«የሬሳ መኪና ይቀድማታል! ለማጅ ናት እኮ። ካለፈችኝ በኋላ በመስታወት ሳያት ከኋላዋ ቀይ ኤል ፊደል ያለበት ነጭ የለማጅ ሰሌዳ አለ። እንደ ላም ቃጭል ወዲያ ወዲህ ይወዛወዛል።»

«ከሾፌሩ አጠገብ ሰው ነበር?»

«እሱን አላየሁም፤ ገና አልነጋም እኮ። የሰው ነፍስ እንዳጠፋች ባውቅ ኖሮ መንገዱን እዘጋባት ነበር።» ቁርሱን አስቀመጠው። ከዚያ በኋላ አልነካውም።

ብራም መኪና ውስጥ ሲገቡ ጣቱን አነሳ። «ለማጅ ብቻውን አይነዳም። መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው አጠገቡ መቀመጥ አለበት። እንግዲህ የሚዋሽ አንድ ሰው አይደለም፣ ሁለት ነው የምንፈልገው።»

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ወዲያው ተገኘ፤ ደንካን ሾው የሚባል የገበሬ ልጅ ነው። ለማጅ አይደለም፤ ግን መኪናዋ ያችው ናት፣ መብራቷ ተሰብሯል፣ ታናሽ እህቱም መንዳት ትማራለች። ብራም ደስ ብሎት እጁን አፋተገ።

«እሑድ ንጋት የት ነበርክ?» አለችው ኖራ።

«ብነግርሽ ትስቂያለሽ።»

«ሞክረኝ እስቲ።»

«እናንተው ጋ። ሰክሬ የጎረቤት ከተማ ፖሊሶች አሳደሩኝ። መብራቱን የሰበረብኝ አጋዘን ነው፣ ቁልፉን ደግሞ ፖሊሶቹ ነበር የያዙት።»

ብራም ደወለ። እውነት ነው። «ቁርስም አብልተውታል» አለ ስልኩን ሲዘጋ፤ ደስታው ግን በኗል።

ቀጥሎ የከተማዋን መንጃ ትምህርት ቤት ባለቤት ፔትራ ሎማክስን አነጋገሩ። እሷም እንደዚያ ያሉ ሦስት መኪኖች አሏት። ወገቧን ይዛ ሳቀች።

«የኔ መኪኖች የሄዱበትን የሚመዘግብ ሳጥን አላቸው፤ እዩት። ሦስቱም ሌሊቱን ቆመው ነው ያደሩት። እሑድ ጎህ ሳይቀድ ለማጅ ይዞ የሚወጣ አስተማሪ ካገኘሽ ደግሞ አምጪልኝ፣ ደሞዝ ጨምሬ እቀጥረዋለሁ!» ከዚያ ሳቋን ገታ አደረገች። «ቤተሰብ የሚያስተምራቸውንም እዪ። ዋልተር ኦርመሮድ የልጅ ልጃቸውን ሮዌናን ያስተምራሉ፣ በዚያው ዓይነት መኪና። እሳቸውን እንኳ ተያቸው። አርባ ዓመት አውቶቡስ ሲነዱ አንድ ድመት አልገጩም።»

*

ሃያ አራት መኪና ታይቶ ሃያ አምስተኛው ዘንድ ሲደረስ አሥራ አምስት ቀን አልፏል። ሰኞ ነበር። የኦርመሮድ ቤት ከከተማው ጫፍ ነው፤ ግቢው ተጠርጓል፣ ሰማያዊዋ መኪና ታጥባ ቆማለች። ኖራ ፊት ለፊቷ ቆማ መብራቶቿን አየች። አንደኛው እንደ ሽማግሌ ዓይን ደፍርሶ ቢጫ ሆኗል፤ ሌላኛው ጥርት ያለ ነው። የተቀጠቀጠው ፓራፋንጎም በመዶሻ ተስተካክሏል።

«ሮዌና ናት» አሉ ዋልተር፣ ሳይጠየቁ። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ረጅም፣ ከረቫት ያሰሩ፣ ጀርባቸው ያልጎበጠ። «በዚያ ቅዳሜ ስትገባ የግቢውን በር ምሰሶ ነካችው። መብራቱን ከአሮጌ መኪና ሻጭ ገዝቼ ቀየርኩት። በአውቶቡስ ሄጄ ነው ያመጣሁት።»

ልጅቷ ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ጣቶቿን እጅጌዋ ውስጥ ደብቃ መሬት መሬት ታያለች።

«እሑድ ጠዋት መኪናዋ ወጥታ ነበር፣ ሚስተር ኦርመሮድ?»

«ይግቡና ይዩት። እኔ በአፌ ከምነግርዎ ይልቅ ቁጥሩ ይንገርዎ።»

ሳሎን ገቡ። ለመጣል የተዘጋጀ የጋዜጣ ክምር በር ሥር በወጉ ታስሮ ተቀምጧል። ዋልተር ከመሳቢያ አንድ ወረቀትና አንድ ደብተር አወጡ።

«ኢንሹራንስ ስገባ» አሉ፣ «በስልክ ያነጋገረችኝ ልጅ ‹በዓመት ስንት ማይል ይነዳሉ?› አለችኝ። ‹ቆዪኝ፣ ላስላ› አልኳት። ‹ኧረ አባባ፣ ሰው ሁሉ ዝም ብሎ አምስት ሺህ ነው የሚለው፣ እርስዎም ይገምቱ› አለችኝ። እኔ ሰው ሁሉ አይደለሁም። ስልኩን ይዛ ጠበቀችኝ።»

ወረቀቱ ላይ በእርሳስ ተጽፏል። የሮዌና ልምምድ፣ አሥራ ሁለት ማይል፣ ማክሰኞና ቅዳሜ፣ ሃምሳ ሁለት ሳምንት፦ 1,248። የሐሙስ ገበያ፣ ስድስት ማይል፦ 312። አንድ ቀን ወደ ባሕር፦ 80። ለስሕተት የሚሆን፦ 60። ድምር 1,700።

«አሥራ ሰባት መቶ ብዬ ቃል ሰጠሁ። ቃል ከሰጡ በኋላ ደግሞ መጠበቅ ነው። ይኸው፣ መኪናዋ በተነቃነቀች ቁጥር መነሻዋንም መድረሻዋንም እጽፋለሁ።»

ኖራ ደብተሩን ገለጠች። ቅዳሜ ኦክቶበር 5፣ መድረሻ 32,118። ማክሰኞ ኦክቶበር 8፣ መነሻ 32,118። በመሐል ያለው እሑድ ባዶ ነው። ብራምን ልካ የመኪናዋን ቆጣሪ አስነበበች፤ ከደብተሩ የመጨረሻ ቁጥር ጋር አንድ ነው። በማርች ዓመታዊ ምርመራ ላይ የተመዘገበውም ከደብተሩ መጀመሪያ ጋር አንድ ነው። አንድም ማይል አልጎደለም፣ አንድም አልተረፈም።

በዚህ መሐል የውስጥ በር ተከፈተ። አጠር ያሉ፣ ነጭ ፀጉራቸው በሥርዓት የተበጠረ ሴት ብቅ አሉ።

«ዋልተር፣ ፈታኙ መጣ?»

«አልመጣም፣ የኔ ፍቅር። እንግዳ ናት።»

«ጓንቴን ላድርግ?»

«ቆይተሽ ታደርጊያለሽ።» በሩን በቀስታ ዘጉና ወደ ኖራ ዞሩ። «ባለቤቴ ሙሪየል ናት። አራት ዓመቷ ነው እንዲህ ከሆነች። አንድ ቀን ሃያ ሁለት ዓመቷ ይሆናል፣ አንድ ቀን ሠላሳ። እኔ ማን እንደሆንኩ ግን እስካሁን አልረሳችም፤ ተመስገን ነው።»

ኖራ ደብተሩን በስልኳ ፎቶ አንስታ ወጣች። ብራም መኪናውን እያስነሳ «ከዚህ በላይ እውነተኛ ሰው የት ይገኛል?» አለ።  የልጅቷ ጣቶች ግን ከኖራ ልብ አልወጡም።

*

ረቡዕ ጠዋት ሮዌና ከእናቷ ጋር ጣቢያ መጣች። እናቷ የምታለቅሰው ከልጇ በላይ ነው።

«የመንጃ ፈተናዬን ሰርዣለሁ» አለች ሮዌና።

«ለምን?»

«ሰውዬውን እኔ ነኝ የገደልኳቸው መሰለኝ።»

«መሰለኝ?» አለች ኖራ።

«ምሰሶውን መምታቴን አላስታውስም። ምንም አልተሰማኝም። አባባ ናቸው በተከታዩ ማክሰኞ ‹ነክተሽዋል› ያሉኝ። እሳቸው ደግሞ አይዋሹም። ምሰሶ መትቼ ካላወቅኩ፣ ሰው መትቼስ ባላውቅ?» እጆቿን አውጥታ የሌላ ሰው እጅ ይመስል አየቻቸው።

«ስሚኝ፣ የኔ ልጅ። ሚስተር ክሌግ የሞቱት እሑድ ንጋት ነው። አንቺ የነዳሽው ቅዳሜ በአሥር ሰዓት ነው።»

«ሐኪም አይሳሳትም?»

ኖራ ሃያ ስምንት ዓመት ሰው «አልገደልኩም» ሲላት ኖራለች። «ገድያለሁ» ብላ የምትለምናትን ልጅ እንዴት እንደምትመልሳት ጠፋት። ተነሣችና የመኪናዋን ቁልፍ አነሣች።

«ነይ፣ የምትለማመጅበትን መንገድ አሳዪኝ። እኔ እነዳለሁ፤ እናትሽም ትምጣ።»

ከኦርመሮድ በር ተነሥተው ዞሩ። ሮዌና ከአጠገቧ ሆና ታሳያለች፤ «እዚህ ጋ አባባ ‹መስታወት!› ይላሉ። እዚህ ጋ ‹ፍሪሲዮኑን እንደ እንቁላል ልቀቂው› ይላሉ።» በድልድዩ፣ በቤተ ክርስቲያኑ፣ በአሮጌው ፋብሪካ አልፈው ተመለሱ። ስፓውት መንገድን አልነኩትም። ኖራ በሩ ላይ ስትቆም ቆጣሪዋን አየች። አሥራ ሁለት ማይል፣ እንደ ወረቀቱ።

ከመኪናው ሳትወርድ ስልኳን አወጣች። የደብተሩን ፎቶ በጣቷ አጎላች። ከማርች እስከ ኦክቶበር 5 ድረስ እያንዳንዱ ልምምድ አሥራ ሁለት ነው። ከዚያ ወዲህ አራት ልምምድ አለ፦ ኦክቶበር 8፣ 12፣ 15፣ 19። አሥራ አራት፣ አሥራ አራት፣ አሥራ አራት፣ አሥራ አራት።

«ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ መንገድ ቀይራችኋል?»

«አባባ? እሳቸው እኮ አሁንም አውቶቡስ የሚነዱ ነው የሚመስላቸው። አንድ ማዞሪያ አይቀይሩም።»

አራት ጊዜ ሁለት ስምንት ነው። ከዚህ በር እስከ ስፓውት መንገድ አራት ማይል ነው፤ ደርሶ መልስ ስምንት። ቆጣሪ ወደ ኋላ አይመለስምና ሽማግሌው እሑድ የተነዱትን ስምንት ማይሎች ቆራርሰው በልጅቷ ልምምድ ላይ አከፋፍለዋቸዋል።

ኖራ ወርዳ የበሩን ምሰሶ ዳሰሰችው። የዓመታት የድንጋይ ሽበት ለብሷል፤ አንድ ቦታ እንኳ አልተላጠም።

ነገሩ ሲፈታላት ደስ ይላት ነበር፤ ድሮ። አሁን ስልኳን አንሥታ ብራምን ጠራችው።

*

ዋልተር በሩን ሲከፍቱ ከኖራ ኋላ ሮዌናንና እናቷን አዩ፤ ፊታቸው ተለወጠ። ብራም ተጠርቶ መጥቷል። ኖራ አልተቀመጠችም።

«ስምንቱን ማይል አገኘኋቸው፣ ሚስተር ኦርመሮድ።»

ሽማግሌው ከረቫታቸውን አስተካከሉ።

«ምሰሶውንም አየሁት። ይህች ልጅ ዛሬ ጠዋት ምን ብላ እንደመጣች ያውቃሉ? ‹ሰውዬውን የገደልኳቸው እኔ ነኝ› ብላ ነው። ፈተናዋንም ሰርዛለች።»

ዋልተር ግድግዳውን ያዙ። ያ ያልጎበጠ ጀርባ ያኔ ጎበጠ።

«አንድ ምሰሶ ነካሽ ብላት ምን ትሆናለች ብዬ ነው» አሉ። «ለማጅ ሁሉ ምሰሶ ይነካል። እዚያ ድረስ ታስባለች ብዬ... ሮዌና፣ ልጄ፣ አንቺ ምንም አልነካሽም። ምንም።»

«ሁለት ሳምንት ሙሉ እጄን ስጠላው ከረምኩ፣ አባባ» አለች ልጅቷ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ብትጮኽባቸው ይሻላቸው ነበር።

«እኔ ነኝ» አሉ ዋልተር ወደ ኖራ ዞረው። «እኔ ነኝ የነዳሁት። ገጨሁ፣ ሸሸሁ። ይጻፉት።»

«እርስዎ ሲነዱ የለማጅ ሰሌዳ ይሰቅላሉ?»

«አልሰቅልም። የሮዌና ሰሌዳዎች ማግኔት ናቸው፤ ትምህርቷ ሲያልቅ አንሥቼ ማቀዝቀዣው ላይ ነው የምለጥፋቸው።»

«የቦቴ ሾፌሩ ኮሊን ታታም ያያት መኪና የኤል ሰሌዳ ነበረባት። ደግሞ ይወዛወዝ ነበር። ማግኔት አይወዛወዝም።»

 ያኔ የውስጡ በር ተከፈተ።

ሙሪየል ካፖርታቸውን ለብሰዋል፣ ነጭ ጓንታቸውን አጥልቀዋል። በብብታቸው ሁለት የቆርቆሮ ሰሌዳዎች ይዘዋል፤ ቀለማቸው የተላላጠ፣ ማዕዘናቸው ላይ ቀዳዳ ያላቸው፣ ቀይ ኤል የተጻፈባቸው። ለኖራ በአክብሮት ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ይቅርታ፣ አስጠበቅሁዎ። እርስዎ ነዎት ፈታኟ? ሴት ፈታኝ አይቼ አላውቅም፤ ደስ ይላል። ሰሌዳውን እስካስር ብቻ ይታገሡኝ። ያለ ሰሌዳ ሕግ አይፈቅድም።»

ማንም አልከለከላቸውም። ሁሉም ተከትለዋቸው ወጡ። ሙሪየል ከመኪናዋ ኋላ ተንበርክከው ከኪሳቸው አረንጓዴ ሲባጎ አወጡ። ጓንቱን አውልቀው በቀዳዳው አሳለፉ፣ ሁለት ጊዜ አዞሩ፣ ጫፉን ወደ ውስጥ ሸጎጡ። እጃቸው አንዴ እንኳ አልተሳሳተም። ኖራ በር ሥር በዚሁ ቋጠሮ የታሰረውን የጋዜጣ ክምር አስታወሰች። ሰኞ ዕለት ዓይኗ ሥር ነበር።

«ቆንጆ ቋጠሮ ነው» አለች፤ ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት።

«ፖስታ ቤት፣ ጥቅል ክፍል ነው የምሠራው። እኔ ያሰርኩት ጥቅል መንገድ ላይ አይፈታም።» ቀና አሉ። «ዛሬም ስፓውት መንገድ ነው የምንሄደው? ዋልተር እዚያ ነው የሚያለማምደኝ። መኪና የለም፣ ሰው የለም።»

ሮዌና አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

ዋልተር ደረጃው ላይ ተቀመጡ። የተናገሩት ለኖራ ይሁን ለመሬቱ አይታወቅም። «ስነቃ አልጋው ቀዝቅዟል። ቁልፉን ሁልጊዜ እደብቃለሁ፤ በዚያ ቅዳሜ ካፖርቴ ኪስ ውስጥ ረሳሁት። ስወጣ መኪናዋ ቆማለች፤ እኔ እንኳ እንደዚያ አስተካክዬ አላቆምም። መሪውን በሁለት እጇ ይዛ ተቀምጣለች። ‹የፖስታ ከረጢት መታሁ፣ ዋልተር› አለችኝ። ‹መንገድ ላይ ጥለውት።› መብራቱን አየሁት። ልቤ ውጣና እይ አለኝ፤ አልወጣሁም። አንድ ሰዓት አልሆነም ነበር።» ቀና አሉ። «ግማሽ ሰዓት ኖረዋል የሚባለው እውነት ነው?»

 ብራም ፊቱን አዞረ።

ሰሌዳዎቹን፣ ሲባጎውን፣ ደብተሩን ሰብስበው ሲያበቁ ኖራ የራሷን መኪና በር ለሙሪየል ከፈተች።

«እኔ አይደለሁም የምነዳው?»

«ዛሬ እኔ ልንዳ፣ ሚስስ ኦርመሮድ። ዝናብ ነው።»

«እሺ» አሉ ሙሪየል፤ ትንሽ ቅር አላቸው። ጥቂት እንደሄዱ ጎንበስ ብለው በሹክሹክታ ጠየቋት፦ «ግን አልፌያለሁ?»

የኖራ ዓይን መንገዱን ማየት አቃተው። ዳር ይዛ ቆመች፤ እስኪጠራላትም ጠበቀች።

*

ቃል ቃል ነው። በማግስቱ ኢኒድ ክሌግ ዘንድ ሄደች። ብስኩት ምድጃው ሥር ተኝቷል። ኖራ ስሙን ነገረቻቸው፤ ከስሙ ጋር የግድ ቀሪውንም።

«ሙሪየል?» አሉ ኢኒድ። «የጥቅል መስኮቷ ሙሪየል? ኤድዊን እኮ ነው ጥቅሏን የሚያድልላት። በየገናው ቋጠሮዋን መፍታት አቅቶን በመቀስ ስንቆርጠው ‹የሙሪየል ቋጠሮ!› እያልን እንስቅ ነበር።»

 ውሻው ተነሥቶ ጉልበታቸው ላይ አገጩን አሳረፈ።

«ስም ስጪኝ አልኩሽ፤ ይዤ ልጠላው ነበር። እንግዲህ ማንን ልጥላ፣ ልጄ?»

ኖራ ተነሣችና ሻይ ቀዳችላቸው። ሻዩም ቀዘቀዘ።

*

ማርች ላይ ደብተሩን ልትመልስ ሄደች፤ አቃቤ ሕጎቹ ቅጂውን ይዘዋል። የዋልተር ፋይል ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ እየተሻገረ ነው፤ ይከሰሱ አይከሰሱ ገና አልታወቀም። ሙሪየልን ሐኪሞቹ ለፍርድ የሚበቃ አእምሮ የላቸውም ብለዋል፤ ከከተማው አሥራ አንድ ማይል ርቆ የሚገኝ፣ በሩ የሚቆለፍ የአረጋውያን ቤት ገብተዋል። ሰማያዊዋ መኪና ተሸጣለች። ግቢው ውስጥ ሌላ አሮጌ መኪና ቆማለች፤ ሮዌና በሁለተኛው ሙከራ ፈተናውን አልፋለች፤ መኪናዋም በስሟ ነው።

አያትና የልጅ ልጅ ጠረጴዛው ላይ አንድ ወረቀት ዘርግተው ነበር።

«ይቀመጡ፣ ኢንስፔክተር» አሉ ዋልተር። ከረቫታቸውን አላሰሩም። «ኢንሹራንሱ በዓመት ስንት ማይል ብሎ ይጠይቃታል። እያሰላንላት ነው።»

ኮሌጅ ደርሶ መልስ ተጽፏል። ገበያ ተጽፏል። ከዚያ በታች፦ «ቅዳሜ፣ ሙሪየል ዘንድ፣ 22 ማይል፣ ሲባዛ በ—»

እርሳሱ እዚያ ላይ ቆሟል።

«ነርሷ ትናንት ለብቻዬ ጠራችኝ» አሉ ሽማግሌው። «እስከ ገና በዓል ላትደርስ ትችላለች አለችኝ። እስከዚያ ደግሞ አርባ ሳምንት ነው ያለው። ያነሰም ሊሆን ይችላል።»

«ሃምሳ ሁለት ይበሉ፣ አባባ» አለች ሮዌና።

«ውሸት ይሆናል።»

«ግምት ነው።»

ዋልተር ወደ ኖራ ቀና አሉ። በስምንት ማይል የያዘቻቸው እሷ ናት፤ የቁጥር ነገር ከእሷ በላይ ማን ይፈርዳል? ኖራ ካፖርቷን ቆለፈች፣ መልሳ ፈታችው።

«ዓመት ሃምሳ ሁለት ሳምንት ነው ያለው፣ ሚስተር ኦርመሮድ» አለች።

ሽማግሌው ጻፉ፦ 52። አባዙት፦ 1,144። ከላዩ ጋር ደመሩት፣ ሥሩን ሁለት ጊዜ አሰመሩበት፣ እርሳሱንም አስቀመጡ።

ለስሕተት የሚሆነውን ስልሳ ማይል በዚህኛው ላይ አልጨመሩም።